ቶርስቪክ ልትሰድበው ያልቻለችው ክፉ ሰው

የቶርስቪክ ሰው አይጮህም። ጎተራው በእሳት ቢያያዝ እንኳ ጎረቤቱ ቤት ሄዶ በሩን በቀስታ ያንኳኳና፣ «መቼም ሥራ አታጣም፤ ጊዜ ካለህ ግን አንድ ባልዲ ይዘህ ብቅ ብትል ደስ ይለኛል» ይላል። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲዘመር ድምፁ ከሌላው ከፍ ያለ ሰው፣ ማንም ሳያዘው በሚቀጥለው እሑድ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ምግብ ከጣፈጣቸው «አይከፋም» ይላሉ። በጣም ጣፍጧቸው ሳህኑን መላስ ሲያምራቸው ደግሞ «ከዚህ የባሰም በልቻለሁ» ይላሉ፤ ከዚህ የበለጠ ምስጋና በዚያ አገር የለም። ሜርል ስኮግስታድ ከእነዚህ ሰዎች መሃል ተወልዶ ያደገ ልጅ ስለነበረ፣ ክላራ ዴል የምትባለው መርከብ ወደ ቶርስቪክ መቃረቧን ባየ ቁጥር መሪዋን ጠምዝዞ መመለስ ቢያምረው አይፈረድበትም።

ክላራ ዴል የትያትር ቤት መርከብ ናት። በጋ በመጣ ቁጥር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይሳፈሩባትና የሚሲሲፒን ወንዝ ይዘው ከከተማ ከተማ ይወርዳሉ። ጠዋት ወለል ይወለውላሉ፣ ቀትር ላይ ካልሲያቸውን ያጥባሉ፣ አመሻሹ ላይ ይፋቀራሉ፣ ይካካዳሉ፣ ይገዳደላሉ፣ በመጨረሻም ተያይዘው ይዘምራሉ። የሚጫወቱት አያቶቻቸው ያለቀሱበትን ዓይነት የድሮ ድራማ ነው፤ ደጉ ሰው እንደ ወተት ነጭ፣ ክፉው ሰው እንደ ጥላሸት ጥቁር የሆነበት። ተመልካቹም ሥራ አለው። ደጓ ልጅ ስትገባ ያጨበጭባል፤ ክፉው ሰው ሲገባ «ሺሽሽ!» እያለ ይጮህበታል፣ ይሰድበዋል፣ በር ላይ የገዛውን ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ ይወረውርበታል። ጭብጨባ ለክፉ ሰው ሞት ነው። ስድብ ነው እንጀራው።

ክፉው ሰው ደግሞ ሜርል ነው። ረጅም ጥቁር ካፖርት ለብሶ፣ ጫፉ የተጠቀለለ ሪዝ በሙጫ ለጥፎ ብቅ ሲል፣ በየከተማው የተቀበለው ስድብ መርከቧን ያናውጣት ነበር። ከቶርስቪክ በፊት በነበረችው ከተማ አንዲት ሴትዮ ኦቾሎኒያቸው ቢያልቅባቸው ከቦርሳቸው ፖም አውጥተው ወረወሩ። ሜርል ጎንበስ ሲል ፖሙ ከኋላው የተሰቀለውን የመድረክ ፋኖስ አገኘውና እንክትክቱን አወጣው።

«እንኳን ደስ አለህ!» አለችው ዶሎረስ፣ ስብርባሪውን እየጠረገች። ዶሎረስ የመብራት ጠባቂውን ልጅ የምትጫወተው ተማሪ ናት፤ ምላሷ ከመጥረጊያዋ ይፈጥናል። «በፖም የተመታ ተዋናይ ካንተ ሌላ አላውቅም።»

«አልተመታሁም እኮ።»

«እሱን ነው የምልህ። ለፋኖሱ ስትል ቆመህ ብትመታ ምን ነበረበት? አሁን ከየት ልናመጣ ነው?»

ፋኖሱ ተራ ዕቃ አልነበረም። ድራማው ያለ እሱ አይሄድም። ክፉው ሰው የልጅቷን እጮኛ የያዘችው ጀልባ ከድንጋይ ጋር ተጋጭታ እንድትሰምጥለት፣ ከወንዙ ጥምዝ ላይ የተሰቀለውን ፋኖስ በትንፋሹ እፍ ብሎ ያጠፋዋል። ሜርል እንዲህ ያለ ፋኖስ የት እንዳለ ያውቅ ነበር። የአባቱ ከብት ቤት ውስጥ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። አያቱ ወንዙ ላይ የኤሌክትሪክ መብራት ከመተከሉ በፊት፣ በቶርስቪክ ጥምዝ ላይ የጀልባ መሪዎች የሚያዩትን ያንኑ ፋኖስ ዕድሜ ልካቸውን በየማታው ሲያበሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

ሜርል ግን ያስጨነቀው ፋኖሱ አልነበረም። አባቱ አልቪን ስኮግስታድ ዩኒቨርሲቲ ሲልኩት፣ «ሁለት ዓመት ሞክረው፤ ከዚያ እናያለን» ብለውት ነበር። ሁለቱ ዓመት አልቋል። የአባቱ ጉልበት ደክሟል፣ ላሞቹ በየቀኑ መታለብ አለባቸው፣ ወንድ ልጅ ደግሞ አንድ እሱ ነው። ባለፈው ሰሞን ስልክ ሲደውል አባቱ ዝም ብለው ሰሙትና፣ «መርከባችሁ እዚህ ስትደርስ መጥቼ አያለሁ። ከዚያ መመለስህን ወይም መቅረትህን እንነጋገራለን» አሉት። ስልኩንም ዘጉ። ትያትር የሚባል ነገር በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በአንድ ማታ ላይ ወደቀ። አባቱ ልጃቸው ጎበዝ መሆኑን የሚያውቁት ሰው ሲሰድበው ነው፤ የቶርስቪክ ሰው ደግሞ አይሰድብም። ያውም ሜርልን! በሕፃንነቱ አፍንጫውን የጠረጉለትን፣ ስንቴ አቅፈው ከጭቃ ያወጡትን ልጅ!

መርከቧ ቶርስቪክ ልትደርስ ስትል ወደ ፕሮፌሰር ፒትካን ሄደ። ፕሮፌሰሩ የመርከቧም የትያትሩም አዛዥ ናቸው፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ሁልጊዜ የሸሚዛቸው አንድ ቁልፍ የጠፋ።

«ፕሮፌሰር፣ ለዛሬ ብቻ ሌላ ሰው ይተካኝ።»

«አመመህ?»

«አላመመኝም። ሰፈሬ ነው። አይሰድቡኝም።»

ፕሮፌሰሩ ከትከት ብለው ሳቁ። «ልጄ፣ በዚህ ሥራ ሰው 'ይሰድቡኛል' ብሎ ሲያለቅስ እንጂ 'አይሰድቡኝም' ብሎ ሲያለቅስ ያየሁት አንተን ነው። ሂድ፣ ፋኖስ ታመጣለህ ተብሏል።»

አባቱን ከብት ቤት አገኛቸው። እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ የቶርስቪክ አባትና ልጅ ከዚያ አያልፍም።

«ከሳህ» አሉ አባቱ።

«ሥራ በዝቶ ነው አባባ። የአያቴን ፋኖስ ለዛሬ ማታ ቢያውሱን ብዬ ነበር።»

«ለምን?»

«ትያትሩ ውስጥ አለ።»

«ምን ያደርጋል?»

«ይበራል» አለ ሜርል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዋጠው።

አባቱ ፋኖሱን ከምሰሶው አወረዱት። በጋዜጣ ብርጭቆውን እስኪያበራ ድረስ ወለወሉት፣ ላምባ ሞሉት፣ ከኪሳቸው ጩቤ አውጥተው የክሩን ጥግና ጥግ ቆረጡለት። ጉልበታቸው እያመማቸው ተንበርክከው ነበር የሚሠሩት።

«ጥግ ጥጉን ካልቆረጥከው ያጨሳል» አሉ። «ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ዝቅ ካለ ከታች የሚመጣ ሰው አያየውም።»

«እሺ አባባ።»

«ልጅ ሆኜ አባቴ ሊያበራው ሲሄድ ጀልባውን የምቀዝፍለት እኔ ነበርኩ» አሉ አባቱ፣ ፋኖሱን እየሰጡት። ይህን ያህል ማውራታቸው ራሳቸውንም የገረማቸው ይመስል ወዲያው ወደ ላሞቹ ዞሩ።

አመሻሹ ላይ ሰው ለመጥራት በእንፋሎት የሚነፋው ኦርጋን ከመርከቧ ጣሪያ ላይ ሲያምባርቅ መላው ቶርስቪክ ወደ ወንዙ ወረደ። የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በር ላይ ተሰልፈው ኦቾሎኒያቸውን ገዙ፣ ረጋ ብለው ወንበራቸውን ያዙ። ሜርል በመጋረጃው ቀዳዳ ሲያያቸው ነፍሱ ወጣች። ኦቾሎኒውን እየበሉት ነበር! ወለሉ እንዳይቆሽሽ ብለውም ቅርፊቱን በመሐረባቸው ይጠቀልሉታል።

ፕሮፌሰሩ ከመጋረጃው ፊት ወጥተው እንደ ልማዳቸው ሰዉን አስተማሩ። «ክፉው ሰው ሲገባ ምን እንላለን?» ሰዉም በአንድ ድምፅ፣ በጣም በቀስታ፣ «ሺሽሽ» አለ፤ ሕፃን የሚያስተኛ እንጂ ክፉ ሰው የሚያባርር አይመስልም።

«ቆንጆ ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «እንግዲህ ስትናደዱ ደግሞ ትንሽ ጨመር አድርጉት።»

ሜርል ካፖርቱን እያውለበለበ ሲገባ አንድም «ሺሽ» አልተሰማም። ሁሉም ብድግ ብለው አጨበጨቡለት! ከልባቸው ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪው የነበሩት ጉንሂልድ አሴን ከፊት ወንበር ሆነው ለጎረቤታቸው፣ «ቁመቱ ጨመረ እኮ፤ ሪዙ ግን አያምርበትም» ሲሉ መድረክ ድረስ ተሰማ። ሜርል ዶሎረስን እጇን ጠምዝዞ፣ «እኔን ካላገባሽ ወዮልሽ!» አላት። ሰዉ ዝም። ሽማግሌውን መብራት ጠባቂ ገፍትሮ ጣለው። አሁንም ዝም፤ አንድ ሰው ብቻ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳለ። አባቱ ከሦስተኛው ረድፍ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቀብር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ይመለከታሉ። እናቱ አጠገባቸው ሆነው መሐረባቸውን ያፍተለትላሉ።

የመጀመሪያው ክፍል አልቆ መጋረጃ ሲወርድ፣ ዘፋኞቹ ከፊት ሆነው ሰዉን በዘፈን ሲያቆዩ፣ ሜርል ከበስተኋላ ገመድ ክምር ላይ ተዘረፈጠ።

«በደግነት ገደሉን» አለች ዶሎረስ። «እጄን ስትጠመዝዘኝ ደግሞ በሹክሹክታ 'አመመሽ እንዴ?' ያልከኝ ምን ነክቶህ ነው?»

«እኔ? መቼ?»

«ብለኸኛል!»

ፕሮፌሰር ፒትካን አጠገቡ ቁጢጥ አሉ። አልተቆጡም። «እነሱን አትቀየማቸው ሜርል። እነሱ ልጃቸውን ነው ያዩት፤ ያሳየሃቸውም ልጃቸውን ነው። ከገባህ ጀምሮ በዓይንህ ይቅርታ እየጠየቅክ ነው የምትጫወተው። ሽማግሌውን ስትገፈትረው እኮ እንዳይጎዳ በሌላው እጅህ ደግፈኸዋል።»

እውነት ነበር። ለካ የቶርስቪክ ሰው መጮህ ሲያቅተው፣ የቶርስቪክ ልጅም በቶርስቪክ ሰው ፊት ክፉ መሆን አቅቶት ኖሯል። ቀኑን ሙሉ እነሱን ሲያማ መዋሉ አሳፈረው።

«አባቴ ሳያየኝ ሊሄድ ነው» አለ።

«እንግዲያውስ ይይህ» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ትከሻውን መታ አድርገው ተነሱ። «ጥሩ ልጅ መሆንህን ያውቃል። ሌላውን አሳየው።»

ሁለተኛው ክፍል ሲጀመር መድረኩ ጨለም ብሎ፣ ከፍ ካለ እንጨት ላይ የስኮግስታድ ፋኖስ ብቻ ይበራ ነበር። ክሩ በደንብ ስለተቆረጠ ጭስ የለውም፤ ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለክፉ ቀን ከመድረኩ ጥግ አንድ ባልዲ አሸዋ ተቀምጧል። ከሩቅ የጀልባ ፊሽካ ተሰማ፤ እጮኛው እየመጣ ነው።

ሜርል ገባ። ገና ሲገባ ጭብጨባ ሊጀምሩ የነበሩ እጆች አየር ላይ ቀሩ። አልፈጠነም። ሰዉን አላየም። ፋኖሱን ዞረው፣ በጓንቱ ብርጭቆውን ዳበሰው፣ ፊሽካውን ጆሮውን ቀስሮ አዳመጠ፣ ደስ አለው። በእውነት ደስ ያለው ይመስል ነበር። ብርጭቆውን አነሳ፤ ጎንበስ ብሎ፣ ሻማ እንደሚያጠፋ የልደት ባለቤት፣ እፍ አለው።

የላምባው ጭስ እየተንሳፈፈ ወደ ተመልካቹ ሄደ። በጨለማው ውስጥ ፊሽካው እንደገና ተሰማ፤ አሁን ቀርቧል።

«አብራው!»

ድምፁ ከመድረክ አልነበረም። ከሦስተኛው ረድፍ ነው። አልቪን ስኮግስታድ ቆመዋል። ባርኔጣቸው ወድቋል፣ የፊታቸው ወንበር ላይ በሁለት እጃቸው ተደግፈዋል።

«ጀልባ እየመጣ ነው! ሰው አለበት እኮ! አንተ ውሻ፣ ፋኖሱን አብራው!»

በቶርስቪክ ታሪክ እንዲህ ያለ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። የሜርል እናት የባላቸውን ኮት ጫፍ ያዙ፤ ሊጎትቱ ፈልገው አቃታቸው። ሜርል ካፖርቱን ጥሎ፣ «አባባ፣ እኔ ነኝ፤ ይቀመጡ» ሊል ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። የአባቱን ዓይን ግን አየ። ዓይናቸው ልጃቸውን አያውቀውም። የሚያየው አንድ ወራዳ ነው፤ ያውም ፋኖስ ያጠፋ ወራዳ።

ሜርል ቃሉን ዋጠው። ቀስ ብሎ ወደ አባቱ ዞረ። ሪዙን ጠቀለለ። በዕድሜው ስቆት የማያውቀውን ሳቅ ሳቀና፣ «ማን ያስገድደኛል? አንተ ነህ፣ ሽማግሌ?» አላቸው።

ጉንሂልድ አሴን ብድግ አሉ። ኦቾሎኒውን በልተው ጨርሰውታል፤ የቀራቸው በመሐረብ የተጠቀለለው ቅርፊት ነው። እሱኑ ከነመሐረቡ ወረወሩት። ደረቱን አገኘው።

«በአባትህ ዕድሜ ያለን ሰው!» አሉ። «ባለጌ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን የክላራ ዴል ልጆች እስከ ዛሬ ያወሩታል። ስንት ዘመን ታፍኖ የኖረ ጩኸት ነበር! በእህል ሚዛን የተናደዱት፣ በአጥር የተጣሉት፣ ስለ ምንም ነገር አንድ ቀን ድምፃቸውን አንስተው የማያውቁት ሁሉ፣ ያን ማታ በሜርል ላይ አወረዱት። ቄሱ ሳይቀሩ በሁለት ጣታቸው አፏጩ። ቅርፊት እንደ በረዶ ወረደ። ዶሎረስ ክብሪት ይዛ ገብታ ፋኖሱን መልሳ ስታበራው የነበረው እልልታ፣ ጀልባዋ የእውነት የዳነች ያህል ነበር። አባቱ ብርሃኑን አይተው፣ ዙሪያቸውን ተመለከቱ፣ የቆሙ መሆናቸውን አወቁ፣ ጆሯቸው ድረስ ቀልተው ተቀመጡ። ሚስታቸው ባርኔጣቸውን አንስተው ሰጧቸው።

ትያትሩ አልቆ፣ ሰው ሁሉ ድምፁ ሻክሮ፣ እርስ በርሱ መተያየት እያፈረ ወደ ቤቱ ሄደ። አባቱ ከመርከቧ መወጣጫ ሥር ቆመው ይጠብቁት ነበር። ሜርል ሪዙን ሳይነቅል፣ ፋኖሱን እንደያዘ ወረደ።

«ሽማግሌ አልከኝ» አሉ አባቱ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ነገሩ...»

«ተው። ይቅርታ ጠይቀኝ አላልኩህም።» ባርኔጣቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ወንዙን እያዩ ነበር የሚናገሩት። «አባቴ ትኩሳት ይዞት እንኳ ደግፈነው ጀልባ ውስጥ እናስገባዋለን። በዝናብም፣ በነፋስም። ያ ፋኖስ በማታ ጠፍቶ አይቼ አላውቅም። ዛሬ ገና አየሁት።»

«ልነግርዎት ይገባኝ ነበር፤ አጠፋዋለሁ ማለት ነበረብኝ።»

«ብትነግረኝ አልሰጥህም ነበር።» ፋኖሱን አዩት። «አንተ መሆንህን ረስቼው ነበር፣ ሜርል። ያንን ሰውዬ ባገኘው ወንዝ ውስጥ ነበር የምከተው።»

ሜርል በየከተማው ስንት ስድብ ጠግቦ መጥቷል፤ እንዲህ ያለ ግን ማንም ሰጥቶት አያውቅም። ፋኖሱን ዘረጋላቸው። አባቱ እጃቸውን አልዘረጉም።

«መርከቧ ላይ ይቆይ» አሉ። «በሚመጣው በጋም ያስፈልጋችኋል። ክሩን በደንብ የሚቆርጥ ሰው ግን ከሌለ ያጨሳል፤ እነዚህ የከተማ ልጆች አያውቁበትም። አንተ አብረኸው መቆየት አለብህ።»

«ላሞቹስ አባባ?»

«እናትህና እኔ ተነጋግረናል። አጎትህ ጠዋት ጠዋት ይመጣልኛል፤ ከብቶቹንም ትንሽ እንቀንሳለን። ጉልበቴ ለትንሹ ይበቃል።» ኮሌታቸውን አስተካከሉ፣ ሊሄዱ ዞሩ፣ ተመልሰው ዞሩ። «ከዚህ የባሰም አይቻለሁ» አሉት።

ሜርል አባቱ ከዚያች ማታ በፊት ምንም ዓይነት ትያትር አይተው እንደማያውቁ ያውቃል። ራሱን መግታት አልቻለም፤ ፋኖሱን መሬት አስቀመጠና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። «አመሰግናለሁ አባባ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ!» አለ። ድምፁ እስከ ወንዙ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም።

«ቀስ በል እንጂ» አሉ አባቱ፣ ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ። «ሰው ይሰማል።»